የገልታ ላብ

የቆረሪማ ሽታ ሌላውን ሰው ደስ ያሰኛል፤ እኔን ያናድደኛል። ትናንት ጂንካ ገበያ አንዲት ሴት እፍኝ ሙሉ አፍንጫዬ ሥር ደቅና "ግዛ እንጂ ጋሼ" ስትለኝ ፊቴን አጨፍግጌ አለፍኳት። ገዘር ከተማ አጠገብ ያለው ታችኛው ማሳችን ዳር ዳሩን ቆረሪማ እንደነበረበት እሷ በምን ታውቃለች?

"ታችኛው ማሳ" ያለው አባቴ ነው። የጥንት ስሙ በአሪኛ "የገልታ ላብ" ማለት ነው፤ ጎረቤታችን ገልታ ጫካውን ብቻውን መንጥሮ ያቀናው መሬት ነበርና። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ገልታ ታሞ ሲተኛ አባቴ አጥሩን ገፋ፤ ሲሞት ጠቅልሎ ያዘው። ስሙ ከእኛ ከልጆቹ አፍ ካመለጠ ልምጭ ይቆረጥልን ነበር።

የገልታ ሚስት እማማ አስቴር የእኛን ቤት ሰው ሰላም ብላ አታውቅም። በመጋቢት ዝናብ፣ አፈሩ እየሸተተ በሬ ጠምደን ስንገባ ግን አጥሩ ጋ ቆማ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ ማሳውን በስሙ ጠርታ "ደህና አደርክ ወይ? ማነው ጀርባህ ላይ የቆመው?" ትለው ነበር። አባቴ በሬዎቹን ይገርፋል፤ በሬዎቹ ምን አጠፉ! እኔም ከልቤ እጠላት ነበር፤ ስታልፍ እንትፍ እል ነበር።

አድጌ መምህር ሆንኩ። የመሬት ደብተር ሊሰጥ ቀያሾች ሲመጡ ጸሐፊ አደረጉኝ። ቅጹ "የቦታው ልዩ ስም" ይላልና ሽማግሌ እየጠየቅሁ "ጅብ የወለደችበት"፣ "እህትማማቾች የተጣሉበት" እያልኩ ከነታሪኩ ስመዘግብ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሠራሁት ሥራ የለም። የእኛ ተራ እስኪደርስ ነው ታዲያ።

እማማ አስቴር በአዋሳኝነት ተጠርታ መጣች። "መሬቱን ብሉት። ስሙን ብቻ ጻፉልኝ" አለች። አባቴ ዱላውን ተመርኩዞ ዓይን ዓይኔን ያያል። ጻፍኩ።

"አንብብልኝ" አለች፤ ፊደል አልቆጠረችም።

"የገልታ ላብ" ብዬ አነበብኩላት። የጻፍኩት ግን "ታችኛው ማሳ" ነበር።

አባቴ ዱላውን አነሳ። በመሠረተ ትምህርት ማንበብ ተምሯልና ወረቀቱን አሳየሁት፤ አይቶ ዱላውን አወረደ። እሷ ሕግ ያስፈራው መሰላት። በሻካራ እጆቿ እጄን ይዛ "ጌታ ይባርክህ ልጄ" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ፣ በየመንገዱ እየቆመች፣ ከእኛ ቤት ሰው እኔን ብቻ ሰላም ትል ነበር። ጥላቻዋ በስንት ጣዕሙ!

እነዚያ ሽማግሌዎች አልቀዋል፤ ወጣቱ መሬቱን የሚያውቀው በደብተር ቁጥር ነው። የድሮ የማሳ ስም የሚፈልግ ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ አስረዳለሁ። በቅርቡ የእማማ አስቴር የልጅ ልጅ መጣች።

"አያቴ ‘የባሌ ስም በመንግሥት መዝገብ ተጽፏል’ ስትል ነው የሞተችው። ገጹን አሳየኝ፣ ፎቶ ላንሳው" አለችኝ።

ነገ ነይ አልኳት። እስካሁን ሦስት ጊዜ ተመላልሳለች።