እማማና መርከቡ

ከሸጎሌ በሚወርደው ታክሲ ውስጥ ሚልካ አጠገብ የተቀመጡት ሴትዮ ከነጠላቸው ሥር ባለወርቃማ ቁልፍ የወንድ ኮት ለብሰዋል፤ እጅጌው ረዝሟቸው ጣቶቻቸውን ሸፍኗል። ሚልካ በስልኳ አዲስ ስለሚሠራ የቤተሰብ መዝናኛ መርከብ ቪዲዮ ታያለች። በቪዲዮው የሌላ መርከብ ተሳፋሪዎች አዲሱ እንዲኖረው የሚመኙትን ይናገራሉ፤ አንዱ የልጆች መዋኛ ይላል፣ ሌላዋ ሰፋ ያለ መኝታ። ሴትዮዋም አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አብረዋት ያያሉ።

«እማማ፣ እርስዎስ ምን ቢኖረው ይወዳሉ?» አለች ሚልካ እየሳቀች።

«ለአስተናጋጆቹ እናቶች አንድ አልጋ። ጥግ ላይም ቢሆን ግድ የለም።»

የሚልካ ሳቅ ጠፋ። በቪዲዮው ትሪ የያዘ ወጣት ጀርባውን ሰጥቶ አለፈ።

«እስቲ ወደ ኋላ መልሺው፣ ልጄ» አሉ ሴትዮዋ።

መለሰችላቸው።

«አይ፣ የኔ ልጅ አይደለም» አሉ፤ ቢሆንም እንደገና እንድትመልሰው ለመኗት።