የቴኦዱሎ ፊርማ

እትዬ ኤዱቪሄስ ሰው አታምንም። ነጋዴው ባቄላ ሲሰፍርላት ዓይኗ ጣቱ ላይ ነው፤ ቄሱ ሲሰብኩ እንኳ «ዛሬ ደግሞ ምን ፈልገው ነው?» ትላለች። የኤል ሃራል መንደር ሰውም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የውሃውን ቁልፍ ከአንገቷ ያላወረደው ለዚሁ ነው። ማለዳ የምንጩን ቧንቧ ትከፍታለች፣ ሰው ሁሉ ሲቀዳ ትዘጋለች። ለገዛ ወንድሟ እንኳ አንድ ባልዲ አታስበልጥም።

የጠርሙስ ውሃ ፋብሪካው ከምንጩ በላይ ከተተከለ ወዲህ ግን ቁልፉ ምን ሊፈይድ! ምንጩ ቀጠነ፤ ከቧንቧው የሚወርደው ደፈረሰ፣ ሸተተ፤ ሕፃናቱ ሆዳቸውን ይዘው ማልቀስ ሆነ ሥራቸው። በመጨረሻ መንደሩ ፍርድ ቤት ሄደ። ንጹሕ ውሃ መብታችን መሆኑን ሕግ ይወቅልን አለ። ቤት ለቤት ዞራ ሰዉን ያስነሳችው እትዬ ኤዱቪሄስ ራሷ ነበረች።

ፋብሪካው ታዲያ ምን ቢያቀርብ ጥሩ ነው? የፊርማ ዝርዝር! «ሕዝቡ ተሰብስቦ ውሃውን ፈቅዶልናል፤ ይኸው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ፈርሟል» አለ። ይህ ዝርዝር ከጸና ክሱ አበቃለት፤ ምንጩም ሄደ።

በዚህ መሀል ነው ጠበቃዋ ዙሌይማ ከዋና ከተማ የመጣችው። የመንደሩ ጠበቃ ናት ተባለ። እትዬ ኤዱቪሄስ ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና ጎረቤቷን ጋሽ ኩፔርቲኖን በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

«የያዘችውን ጠርሙስ አየኸው?»

«ውሃ ነው።»

«የማን ውሃ? ያውልህ የፋብሪካው ምልክት! የእነሱን እየጠጣች ለእኛ ልትከራከር?»

«ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ከተማው ውስጥ ሌላ ምን ይሸጣል?»

«ዝም በል! አንተን እንኳን ሰው በቅሎህም ታታልልሃለች።»

ዙሌይማ የዝርዝሩን ቅጂ ይዛ ቤት ለቤት ዞረች። እትዬ ኤዱቪሄስ ዘንድ ስትደርስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጣቷን አንድ ስም ላይ አሳረፈች።

«እትዬ፣ ቴኦዱሎ ሜንሂቫር የእርስዎ ማን ናቸው?»

«ባለቤቴ ነው። ምነው?»

«ይህን የፈረሙት እሳቸው ናቸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ፊርማ ለቃሚ መሰልኩሽ?» ብላ ተነሥታ በሩን ከፈተችላት። ልጅቷ ክፉ ቃል ሳትናገር ወጣች። ይኼ ደግሞ የእትዬን ጥርጣሬ ጭራሽ አባሰው።

እውነቱን ከእትዬ ኤዱቪሄስ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እሷም ለንስሐ አባቷ እንኳ አልተነፈሰችም። ነገሩ እንዲህ ነው። የፋብሪካው ሰዎች ስብሰባውን የጠሩት ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ ሰው ለሞቱበት ዘመዶቹ ምግብ መቃብር ላይ በሚያኖርበት በሙታን ቀን ዋዜማ። የፈረመ ሰው ሁለት ሁለት ታማል ይወስድ ነበር፤ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ሊጥ፣ ዶሮ ያለበት፣ ገና ትኩስ። ኤል ሃራል ደግሞ የቀረ ሰው ድርሻ አይቀርም፤ ዘመድ ይፈርምለትና ይወስድለታል። ቴኦዱሎ ከሞተ አራት ወሩ ነበር። በዚያ ዓመት በቆሎዋ ደርቆ ለመጀመሪያው የሙታን ቀን መቃብሩ ላይ የምታኖረው አንድ እፍኝ ዱቄት አልነበራትም። እንዴት ባዶ እጇን ትሂድ? ከስሟ ሥር የእሱን ጻፈች። ሁለቱን ታማል መቃብሩ ላይ አኖረች፤ ከእነሱ ጉርሻ አልቀመሰችም።

የወረቀቱ ራስ ግን ባዶ ነበር፤ ሰዉ የፈረመው ለታማሉ መስሎት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ጣት ስትጠብቅ የኖረች ሴት ያንን ባዶ ቦታ አላየችም። የፋብሪካው ሰዎች ፈቃዱን እዚያ የጻፉት ኋላ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣ። በሞተ ሰው ስም መፈረም ያሳስራል። «ልጅቷ ደርሳበታለች፤ አሳልፋ ልትሰጠኝ ነው» አለች ለራሷ።

የችሎቱ ቀን መንደሩ በሙሉ ወደ ፍርድ ቤቱ ወረደ። የፋብሪካው ጠበቃ ዝርዝሩን ከፍ አድርጎ ስሞቹን ያነብ ጀመር። ዙሌይማ አልተቃወመችም። እትዬ ኤዱቪሄስ የዙሌይማን ጀርባ በዓይኗ እየበሳች ቁልፏን ትጨምቃለች። እሷ ራሷ ዝም ካለች ማንም አይነካትም፤ ዝርዝሩም ይጸናል።

«ቴኦዱሎ ሜንሂቫር!» አለ ሰውዬው።

«አልፈረመም!» ድምፁ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ብድግ አለች። «መቃብር ውስጥ ነበር። እኔ ነኝ የፈረምኩለት። ለሁለት ታማል!»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ።

«የተናገሩት ምን እንደሚያስከትል ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።» ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ለጋሽ ኩፔርቲኖ ዘረጋችለት። «እንካ፣ ማለዳ እንዳትተኛ።»

ጋሽ ኩፔርቲኖ ቁልፉን አልተቀበለም። እሱም ተነሣ።

«እኔ ደግሞ ለበቅሎዬ ፈርሜያለሁ» አለ። «ዝርዝሩ ላይ ማኑዌል የሚለው እሷ ናት።»

ሳቁ ገና ሳይበርድ ከኋላ አንዲት ሴት ተነሣች፤ ሰሜን አገር ለተሰደደ ልጇ ነበር የፈረመችው። ሌላው አልጋ ላይ ለዋለች እናቱ። አንዱ ተቀምጦ ሌላው ይነሣል። ሦስት ዓመት ሙሉ እርስ በርስ ሲተፋፈሩና ሲጠራጠሩ የኖሩት ሁሉም ያንኑ አንድ ነገር ደብቀው ነው። ዳኛው ዝርዝሩን ከመዝገቡ አወጡት፤ ክሱ እንዲቀጥል አዘዙ። ለታማል ፈርማችኋል ብሎ መንደር ሙሉ የሚያስር አልተገኘም።

እትዬ ኤዱቪሄስ ዙሌይማን በጎሪጥ አየቻት።

«ታውቂ ነበር አይደል?»

«የሞት መዝገቡን አይቼዋለሁ፣ እትዬ። ግን በእርስዎ ላይ እኔ ልናገርብዎት?»

የእትዬ ኤዱቪሄስ እንባ መጣ፤ እሱንም በሻርፗ ጫፍ ቶሎ ጠረገችው።

ጸሐፊው የሰጠችውን ቃል ጽፎ እንድትፈርም አቀረበላት። ፊቱንም ጀርባውንም አነበበች። ከራሱ ላይ ባዶ የቀረውን ቦታ ከዳር እስከ ዳር በእስክሪብቶ ሰረዘችው። ከዚያ የራሷን ስም ብቻ ጻፈች።