ተንጋዶ የቆመው ማደባለቂያ

የሎሚ ሽታ ያለው ፈሳሽ ሳሙና አሁንም ቤቴ አላስገባም። ዕቃ የማጥበው በደረቅ ሳሙና ነው፤ ለምን እንደሆነ ጠይቀሽኝ አልነበር?

በኮሮና ጊዜ ነው፣ ዓረብ አገር ጃብሪያ በሚባል ሰፈር የቤት ሠራተኛ ሳለሁ። ሰዓት እላፊ ታውጆ ሰፈሩ ጭር ብሎ ነበር። ባባ የምንለው የማዳም ባል ሱቁ ሲዘጋበት ግቢው ውስጥ ትልቅ የፕላስቲክ ታንከር አቁሞ ፈሳሽ ሳሙና ልሥራ አለ። ጫፉ ላይ ክንፍ ያለው ረጅም ዘንግ ከነሞተሩ ገዛና ሹፌሩን ጠራ። ሹፌሩ የአገሬ ሰው፣ በአባቴ ዕድሜ ያሉ ነበሩ።

«መኪናው ቆሟል፣ አንተ ግን ትበላለህ» አላቸው። «ይሄን ካልገጠምክ ኢቃማህን እሰርዛለሁ።»

ያለ መኖሪያ ፈቃድ በዚያ ሰሞን መንገድ ላይ መገኘት እስር ነበር።

እሳቸውም ታንከሩ አፍ ላይ ብረት አጋድመው ዘንጉን ልክ መሃል ላይ ቀጥ አድርገው አሰሩት። ሞተሩ ሲነሳ ፈሳሹ በሙሉ አብሮ ዞረ። መሃሉ እንደ ጉድጓድ ሰርጎ አየር ሳበ፣ አረፋው ገነፈለ፣ የሳሙናው ዱቄት ግን ታች እንደተኛ ቀረ። ባባ በጣሳ ቀድቶ ፊታቸው ላይ ደፋው። «ሒማር» አላቸው፤ አህያ ማለቱ ነው። ማዳም በመስኮት እየሳቀች በስልኳ ቀረጸች።

ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ እንደመጣሁ በዚያ ቤት ማንም አያውቅም ነበር። ዓይናቸውን የሚታጠቡበት ውሃ ሳቀብላቸው፣ «ጋሼ፣ ከመሃል ያውጡት» አልኳቸው በሹክሹክታ። «ወደ ጠርዙ አስጠግተው ትንሽ ዘንበል ያድርጉት።»

«ተንጋዶ?»

«አዎ። ያኔ አብሮ አይዞርም፣ ከሥር ወደ ላይ ይገለበጣል።»

«ገንፎ ስታገነፊ ነው ይሄን ያወቅሽው?»

«ተምሬው ነው።»

በማግስቱ እንዳልኳቸው ገጠሙት። ጉድጓዱ ጠፋ፤ ፈሳሹ ከሥር እየተገለበጠ ጠዋት ፀሐይ ላይ አብረቀረቀ። ባባ ትከሻቸውን መታ መታ ሲያደርግ፣ ምስጋናውን ለብቻቸው መውሰድ ነውር መሰላቸው።

«እሷ ናት ያሳየችኝ። ኢንጂነር ናት» አሉት፣ የገዛ ልጁን እንደሚያስመርቅ ሰው ደረታቸውን ነፍተው።

ባባ እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ።

«ታዲያ አንተ ምን ታደርግልኛለህ?»

ምሳ ሳይደርስ ሻንጣቸው በር ላይ ነበር። እኔ የቤቱ ሥራ ሳይቀነስልኝ ታንከሩ ሥር ቆሜ ዱቄት እጨምር ነበር። ጀህራ የሚባል ከተማ ያለ ዘመዳቸው ያስጠጋቸው እንደሆነ ልጠይቃቸው ፈለግሁ፤ ባባ አጠገቤ ቆሟል። እሳቸው ጭምብላቸውን ዝቅ አድርገው ፈገግ አሉ።

«ይሁና ልጄ፣ አንቺ እንኳ በሙያሽ ተቀጠርሽ።»

የመለስኩላቸውን በሞተሩ ጩኸት አልሰሙኝም።