እሳት የለመደ ጣት

መርካቶ የሚገባ ሰው ኪሱን ይጠብቃል፤ እኔ የሰው ቆዳ ሳይ ኪሴን እረሳለሁ። በጃንሆይ ዘመን፣ የቆዳና የተላላፊ በሽታዎችን ማጥናት በጀመርኩ ሰሞን፣ አትክልት ተራ ሽንኩርት ልገዛ ሄጄ የሻጩን ጆሮ አፍጥጬ ሳይ ልንደባደብ ምንም አልቀረንም ነበር። ሙያዬ ዓይኔን ባለጌ አድርጎታል።

ጎጃም በረንዳ አጠገብ የሚሰፉትን ልብስ ሰፊ ግን አንድም ቀን በሐኪም ዓይን አይቻቸው አላውቅም። ከወሎ መጥተው የከረሙ፣ የተማሪ ቤት ሱሪዬን የሰፉልኝ ሰው ናቸው። ገበያው የሚያደንቅላቸው አንድ ነገር ነበር። ሌላው ልብስ ሰፊ የከሰል ካውያው መጋሉን ሲፈትን ጣቱን በምራቅ አርሶ ነካ ያደርግና ቶሎ ያነሳል። እሳቸው ግን ጣታቸውን ብረቱ ላይ አሳርፈው ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። «እኔና እሳት ተላምደናል» ይላሉ። ደንበኛው ይስቃል። እኔም ስስቅ ኖሬያለሁ።

አንድ ቀን የሥራ ጋዋኔን ልለካ ስሄድ የሴት ልጃቸውን ሰርግ ያወሩልኝ ጀመር። የወንዱ ወገን ሽማግሌ ልኳል፣ ቀን ሊቆረጥ ነው። ጣታቸው ካውያው ላይ ነው። የተቃጠለ ሥጋ ሸተተኝ። እሳቸው ስለሚታረደው በሬ ያወራሉ።

ክው አልኩ። «ጋሼ፣ እጅዎን ያንሱ!»

አነሱት። የጣታቸው ጫፍ ተልጧል። ትክ ብለው አዩትና በጨርቅ ቁራጭ ጠረጉት።

ከመጋረጃው ጀርባ ወሰድኳቸውና ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ ለመንኳቸው። ለኮት ትከሻ ከሚያስገቡት ጥጥ ቆንጥሬ «ሲነካዎት ይንገሩኝ» አልኩ። ጣታቸውን ነካሁ፤ መዳፋቸውን ነካሁ፤ እስከ አንጓቸው ሄድኩ። ዝም። ቆይተው፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ «ጀምር እንጂ ልጄ፣ ሥራ አለብኝ» አሉኝ።

ስሙን ነገርኳቸው። ሥጋ ደዌ ነው።

«ዝም በል!» አሉ፣ ወደ ውጭ እያዩ። «ሽማግሌዎቹ እስከ ሰባት ቤት ዘራችንን እያስጠየቁ ነው። ይኼ ከተሰማ ልጄን ማን ያገባታል?»

በዘር እንደማይወርድ፣ ተሕዋስ እንደሆነ፣ ክኒን እንዳለው ለፈለፍኩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም?» ብዬም ተቆጣሁ።

«ልጄ፣ መርካቶ ያንተን መጽሐፍ አላነበበም» አሉኝ። እውነታቸውን ስለነበር ይበልጥ ተናደድኩ።

በመጨረሻ ተስማማን። ጋዋን ልለካ እያልኩ እየተመላለስኩ ክኒኑን ላመጣላቸው፣ እሳቸውም ሊውጡ። አብረዋቸው የሚኖሩትን ሁሉ መመርመር እንዳለብኝ ስነግራቸው ግን ክንዴን ያዙኝ። ሐኪም የነካት ሙሽራ ሐሜቱን አትችለውም። «ከሰርጉ በፊት ልጄን እንዳትነካት። ቃል ግባልኝ።» ቃል ገባሁ። ከዚያ ወዲያ ወደ ሱቁ በሄድኩ ቁጥር እሳቸውን ከምታግዘው ልጃቸው እጅ ላይ ዓይኔን አሸሽ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ለራሴ መንገር አልፈለግኩም።

ክኒኑን አላቋረጡም። ጣታቸው ዳነ፤ ካውያውን ለልጃቸው ተዉላት። ሽማግሌዎቹም ዘሩን ጠይቀው ንጹሕ ነው ብለው ተመለሱ።

ሰርጉ ሲቃረብ ጋዋኔን ልወስድ ሄድኩ። አባትየው ለሶላት ወጥተዋል። ልጅቷ እጇ በሂና አጊጦ ጋዋኔን ልትተኩስልኝ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታዋለች።

«አንዴ ይታገሡኝ፣ ጋሼ። ካውያው መጋሉን ልየው።»

ጣቷን በምራቅ አረሰችና ብረቱ ላይ አሳረፈችው። ጭስስ አለ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ፤ ጣቷ ግን እዚያው ነው።

«ሰርጌን ከቀሩ እቀየምዎታለሁ» አለችኝ እየሳቀች።

እንዳልነካት ቃል ገብቼ ነበር። እጇን ከብረቱ ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ።

«ምነው?» አለችኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። «ምን ሆኑ?»