ያላነበብሁት ገጽ

ሐሙስ ነበር፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ግድም። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ጾም መግደፌን፣ እናቴን መቆጣቴን ነግሬያለሁ። ግሸን ድረስ ወጥቼ ተሳልሜያለሁ፤ ይህችን ግን እንደያዝኋት ወረድሁ። አሁን ለማታውቁኝ ለእናንተ እናገራለሁ። ፊታችሁን ስለማላይ ይሆን?

ቤታችን ሐይቅ ከተማ፣ ከውሃው ብዙም ሳይርቅ ነው። ጎረቤቶቻችን ዘይነብና ታላቅ እህቷ ሰዓዳ ናቸው። ዘይነብ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ደሟ አልቆም ብሎ፣ ነፍሷን ለማትረፍ ማህፀኗ ወጣ። ሕፃኑም አልቆየ። ሰዓዳ ግን አራት ወልዳለች። ውጭ አገር ያለ ዘመዳቸው፣ ከአንዷ ሴት ማህፀን ወስዶ ለሌላዋ የሚተክል ሆስፒታል አፈላልጎ አገኘላቸው። ሰዓዳ አንድ ቀን እንኳ አላመነታችም። «የእኔው ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ ለእሷ ይሁናት» ብላ ሰፈሩን አሳቀችው።

ሆስፒታሉ የላከው የስምምነት ወረቀት በእንግሊዝኛ ነበር። የሚያነብላቸው ማን ነው? እኔ። የዩኒቨርሲቲ ምሩቋ ነርስ፣ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ የሚጠፋብኝ እኔ። በዚያ ሐሙስ ለጉዟቸው ወዳጃ፣ የጸሎት ስብሰባ፣ ተቀምጦ፣ ሸህ ይማም ዱዓ እያደረጉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ቤቱን ሞልቶት ሳለ፣ «ወረቀቱ እዚሁ ይነበብ፣ ይመረቅበት» ተባለ። ቆምሁ። አንዱን ዓረፍተ ነገር ተርጉሜ ሳበቃ ቤቱ በሙሉ ይቀበለኛል።

«ማህፀኑ ከለጋሿ ይወጣል።»

«አሚን!»

«ለተቀባይዋ ይተከላል።»

«አሚን!»

«ከወራት በኋላ እርግዝና ይሞከራል።»

«አሚን! አሚን!» ዘይነብ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ታለቅሳለች።

ከዚያ አራተኛው ገጽ መጣ። ስለ ደም ስሮቹ ነበር። የተተከለው ማህፀን የሚኖረው በተቀጠሉለት ቀጫጭን ደም ስሮች ነው፤ ደም ከረጋባቸው ሆዷ እንደገና ይከፈታል፤ ደሙ መሄድ ካልቻለ ማህፀኑ ተመልሶ ይወጣል፣ ይላል። ለጋሿም ከዚህ ቀደም ደም ስሯ ውስጥ ደም ረግቶ ከሆነ፣ ከወሊድ በኋላ አንድ እግሯ አብጦ ከሆነ፣ አስቀድማ ትናገር፣ ይላል። የሰዓዳ ግራ እግር በመጨረሻው ልጇ አራስ ሳለች አብጦ ነበር። አውቃለሁ። ቅቤ ሲያሹላት አይቻለሁ።

«ደሙ ይረጋል» ስል ያ ሁሉ ሰው አሚን ሊል ነው? በምርቃት መሀል ክፉ ይወራል? ሸህ ይማም «በይ ልጄ፣ ቀጥይ» አሉኝ። ገጹን ገለበጥሁት። አለፍሁት። ያለፍሁት እኔ ነኝ።

እዚያ ደርሰው በአስተርጓሚ ሲጠየቁ «ተነቦልናል፣ ገብቶናል» አሉ። ሰዓዳን ሕመም ነበረብሽ ወይ ቢሏት፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም የለብኝ» አለች። ያበጠ የአራስ እግርን ማን ሕመም ይለዋል? ማህፀኑ በተተከለ በሦስተኛው ቀን ደሙ ረጋ። ዘይነብን እንደገና ከፈቷት፤ የረጋውን አውጥተው ስሩን መልሰው ሰፉት፤ ደም ማቅጠኛ ሰጧት። በአምስተኛው ቀን ማህፀኑ ጠቁሮ ወጣ። ሲመለሱ ሰዓዳም ያው ግራ እግሯ አብጦ፣ በሰው ተደግፋ ከመኪና ወረደች። ያ ገጽ ቢነበብ ይህ ሁሉ ይቀር ነበር? አላውቅም። ምናልባት ሰምተውም ይሄዱ ነበር። ግን መምረጥ የእነሱ ነበር። እኔ ወሰድሁባቸው።

ዘይነብ ዛሬም ባገኘችኝ ቁጥር «መቅዲዬ፣ አንቺማ ለፋሽልን፤ የአላህ ውሳኔ ሆነ» ትለኛለች። ምስጋና እንዲህ ያቃጥላል? መንገድ ቀይሬ መሄድ ጀምሬያለሁ።

ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ማለት የሚችሉት እነሱ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ አያውቁም። እስከ ዛሬ ለራሴ የምነግረው ሰበብ ነበረኝ፦ አሚኑ ነው፣ የሰው ብዛት ነው፣ ዓይናፋርነቴ ነው። ውሸት ነው። ማግስቱ ነበረና።

ዓርብ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ሰዓዳ በራችን ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ብቻዋን ነበረች።

«መቅዲ፣ ትናንት አንዱን ቅጠል ሳታነቢው ገለበጥሽው አይደል?»

ቦርሳዬን ጠበቅ አድርጌ ያዝሁ።

«ምነው ደነገጥሽ? ፊደል ባልቆጥር ዓይን የለኝም?» ብላ ሳቀች። «ምን ይላል? ክፉም ከሆነ ለእኔ ንገሪኝ። ለዘይነብ ትንፍሽ አልልም።»

ሸህ ይማም የሉም። አሚን የሚል የለም። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ እጄም ቦርሳው ላይ ነበረ። ትናንት ዘልዬው ነበር ብዬ ማመን አሳፈረኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ አፈርሁ።

«የላይኛው ድግግሞሽ ነው፣ እታለም» አልኋት።

«ወላሂ በይ?»

«እውነቴን ነው።»

«እሰይ! እደጊልኝ» አለችና ግንባሬን ልትስመኝ ጠጋ አለች። እኔም እንዲመቻት ጎንበስ አልሁላት።