ባልዲው ጋ ያለችው ቦታ

የተያዝኩት ቡራዩ ውስጥ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ስወጣ ነው። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ለእረፍት ወደ ቤተሰቦቼ በመጣሁበት ሰሞን የሰንበት ትምህርት ቤታችን የእሁዱን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ጥያቄዎች እንዳባዛ አደራ ሰጥቶኝ ነበር። ወረቀቱ ገና ከማሽኑ ስለወጣ ይሞቅ ነበር። በሩ ላይ የቆመ ፖሊስ አንዱን መዝዞ አነበበ።

«‹ቅጥሩን ማን አፈረሰው? ማንስ ይሥራው?› ይላል። የቱን ቅጥር ነው?»

«የኢየሩሳሌምን ነው ጋሼ። የነህምያ ታሪክ ነው።»

«ኢየሩሳሌም!» አለና ወደ ጓደኛው ዞረ። «እዚህ ቤት እየፈረሰ፣ ይሄ ስለ ኢየሩሳሌም ወረቀት ያባዛል።»

እውነት ነው፤ በዚያ ሰሞን ከእኛ ሰፈር በላይ ፈቃድ የላቸውም የተባሉ ቤቶች ይፈርሱ ነበር። እኛ ግን ነህምያን የያዝነው ተራው ስለደረሰ ነው። ጣቢያ ሲወስዱኝ ይህንኑ ለመርማሪው በትሕትና አስረዳሁ። አልጮኸብኝም። ወረቀቶቹን መሳቢያ ውስጥ ከተተና «እናጣራለን» አለኝ።

ያሰሩኝ ክፍል ጠባብ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ከጣሪያው ሥር ካለችው መስኮት የባሕር ዛፍ ሽታ ይገባል፤ ከበሩ አጠገብ ያለው የሽንት ባልዲ ግን ያሸንፈዋል። የክፍሉ ካቦ፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ የታክሲ ረዳት ነበር፤ እዚያም ሆኖ ሰው የሚያስገባው እንደ ታክሲ ነው።

«ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አዲስ ሰው አለ!» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ፍሬሽ ነህ አይደል? ሕጋችን እንዲህ ነው። መጨረሻ የገባ ባልዲው ጋ ይተኛል። ሌላ ሲመጣ አንተ ወደ ውስጥ ትገባለህ።»

ጃኬቴን እዚያው አነጠፍኩ። ባልዲው ሲሞላ ስለሚፈስ እግሬን አጥፌ ነበር የምተኛው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ብዬ አያለሁ፤ አዲስ ሰው የመጣ እየመሰለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ገቡ። ከገፈርሳ በኩል የመጡ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው የሠራው ቤት ሲፈርስ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው አልነሣም በማለታቸው ነው የታሰሩት። ሁላችንም «ኦቦ» አልናቸው። ሕጉ ግን ለእሳቸውም ያው ነው። እኔ ወደ ውስጥ፣ ግድግዳው ሥር ገባሁ፤ እሳቸው ባልዲው ጋ ተኙ።

ጠዋት ስንነሣ ኦቦ ቁጭ ብለው የጋቢያቸውን ጫፍ ይጨምቁ ነበር። ሁላችንም አየን፤ ከዚያ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ልብስ ማጠፍ ጀመርን።

ዕለቱ እሁድ ነው። የቅዳሴው ድምፅ ከሩቅ በማጉያ ይሰማል። ረዳቱ «ፍሬሽ፣ እስቲ ያሳሰረህን ጥያቄ እኛንም ጠይቀን» አለኝ።

ወረቀቱ ባይኖርም ጥያቄዎቹን አስታውሳቸው ነበር። ጥናታችን አንድ ልማድ አለው። ጥያቄው በዙር ይሄድና መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ «ታዲያ ምን እናድርግ?» እንላለን። ለዚህ «እንጸልያለን» የሚል መልስ አይቆጠርም። መምህራችን «ጸሎቱንማ ጀምረነዋል፤ ከዚያስ?» ትላለች። መልሱ በእጅ የሚሠራ፣ ሳይውል ሳያድር የሚፈጸም ነገር መሆን አለበት።

ታሪኩን ነገርኳቸው። ነህምያ በሰው አገር፣ በቤተ መንግሥት ሲያገለግል የከተማው ቅጥር መፍረሱን ሰማ፤ ተቀምጦም አለቀሰ።

«ተቀምጦ ነው ያልከው?» አሉ ኦቦ።

«አዎ አባባ።»

«እኔም ተቀምጬ ነው ያለቀስኩት። ቤቱን የሚያፈርሱት ሽማግሌ ያለቅሳል እንዴ ብለው ሳቁብኝ።» የጋቢያቸውን ጫፍ እንደገና ጨመቁ። «የቤተ መንግሥት ሰው ካለቀሰ፣ እኔ ምን ያሳፍረኛል?»

ዙሩ አልቆ የመጨረሻው ጥያቄ ደረሰ። «ታዲያ ምን እናድርግ?» አልኩ።

ረዳቱ ሳቀ። «በሩ የሚከፈተው በውጭ በኩል ነው እኮ ፍሬሽ! እንጸልያለን፣ በቃ።»

«እሱ አይቆጠርም።»

«እሺ፣ አንተስ? ጠያቂ አይመልስም?»

ሁሉም እኔን ያያሉ፤ እኔ ደግሞ የረጠበውን ጋቢ። ተነሥቼ ጃኬቴን ከግድግዳው ሥር አነሣሁና ባልዲው ጋ አነጠፍኩት።

ኦቦ እጄን ያዙ። «ሂንታኡ! አይሆንም ኢልማ ኮ፣ አይሆንም ልጄ፣ አንተ ተራህን ጨርሰሃል።»

«አባባ፣ እርስዎ ይግቡ» አልኳቸውና ወደ ረዳቱ ዞርኩ።

ረዳቱ ራሱን አከከ። «ሕጉን እኔ አላወጣሁትም፤ ስገባ ያገኘሁት ነው» አለ። ባልዲውን አየ፣ ኦቦንም አየ። «እሺ። ዛሬ ፍሬሽ፣ ነገ እኔ። ከነገ ወዲያ የሚተኛውን ያኔ እንመርጣለን። ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ኦቦ ወደ ውስጥ ይገባሉ!»

ኦቦ ጋቢያቸውን ከመስኮቷ በሚገባው ፀሐይ ላይ ዘረጉት። ቀስ ብለው «ገለቶሚ» ብለው አመሰገኑኝ። ለእኔ ባልዲው ያው ባልዲ ነበር፤ ሽታው አልቀነሰልኝም።

ክስ ሳይመሠረትብኝ ተፈታሁ። መርማሪው ከመለሰልኝ ወረቀቶች በአንዱ ላይ ከቅጥሩ ጥያቄ አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ ትልቅ የጥያቄ ምልክት ተደርጎ ነበር። በቀጣዩ እሁድ ያንንም ከሌሎቹ ጋር እንዳለ አደልኩት። መምህራችን ምልክቱን አይታ «ይሄን ማን ጻፈው?» ስትለኝ «አንድ አንባቢ» አልኳት።

ኦቦ ከእኔ በኋላ መፈታታቸውን ሰምቻለሁ። የልጃቸው ቤት ይሠራ አይሠራ አላውቅም። ጃኬቱን እናቴ ደጋግማ አጥባዋለች፤ ሽታው ለቋል ትላለች። እሁድ እሁድ ለጥናት የምለብሰው እሱን ነው። የመጨረሻውን ጥያቄ ከማንበቤ በፊት አንዳንዴ እጅጌውን አሸታለሁ።