ጥሩወርቅና የቅዳሜው ፍም

አላመንኩም። ሁለቴ አነበብኩት፤ መነጽሬን ጠርጌ ደግሞ አነበብኩት። ዛሬ አርብ ከሰዓት ልጇ ናት የጻፈችልኝ፦ «አክስቴ፣ እማዬ ሌሊት አረፈች። ሰንበት ሳይገባ ቀበርናት።»

ጥሩወርቅ ሞተች? ባለፈው ረቡዕ በስልክ ስለ ጉልበቷ ስታማርርልኝ ነበር እኮ! ጉልበት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሰው የሚገድለው?

ገጼን የምታነቡ አብዛኞቻችሁ አታውቋትም። እኔ አሰላ ተወልጄ አሰላ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ጥሩወርቅ በጃንሆይ ጊዜ፣ አባቷ ጋሽ ቢያድግልኝ የሐኪም ቤት ድሬሰር ሆነው ከጎንደር ወደ እኛ ከተማ ሲመደቡ የመጣች ጎረቤቴ ናት። ቤተ እስራኤል ናቸው። ከእነሱ ሌላ እንደነሱ ያለ ቤተሰብ ያኔ አሰላ ውስጥ አላውቅም። አንድ ቤት ብቻቸውን ሕጋቸውን ይዘው ኖሩ።

እውነቱን ልናገር? ዕድሜ ልኬን ቀንቼባታለሁ።

በልብሷ አይደለም፣ ሁለታችንም ያለን አንድ አንድ ቀሚስ ነበር። በመልኳም አይደለም፣ ነፍሷን ይማርና በመልክ እንኳ እበልጣት ነበር። የቀናሁት በቅዳሜዋ ነው።

አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ የቤታቸው እሳት ይጠፋል። ጋሽ ቢያድግልኝ ከሥራ መጥተው፣ ወንዝ ወርደው ታጥበው፣ ነጭ ይለብሳሉ። ከዚያ እስከ ቅዳሜ ማታ እሳት አይነድም፤ እኛን ጎረቤቶቻቸውንም አይነኩም። በዚህ የሚቀየሙ ነበሩ። እኔ ግን ዓይኔ ሌላ ነገር ላይ ነበር። ሰውዬው ቅዳሜን ቀኑን ሙሉ ልጆቻቸውን ሰብስበው ኦሪት ሲተርኩ ይውላሉ። ጥሩወርቅ ከጉልበታቸው ሥር ትቀመጣለች፣ እጃቸው ደግሞ ራሷ ላይ ነው።

የኔ አባት የእህል ነጋዴ ነበር። አንዴ አቦምሳ፣ አንዴ አርቦዬ። ቅዳሜ ገበያ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሞ ይመጣና ይተኛል። ስንተኛ ክፍል እንደሆንኩ ያውቅ ነበር ብዬ አልምልም።

ተናድጄ ቅዳሜ ልጣላት ብሞክር እንኳ እሺ አትልም። «ሰንበት ትውጣና እንጣላለን» ትለኛለች ፈገግ ብላ። ሰው እንዴት ንዴቱን እስከ ማታ አቆይቶ ይጣላል?

አንድ የሐምሌ አርብ «ነገ እሳት ባነድባችሁስ?» አልኳት። የምቀልድ መስሏት ሳቀች።

በማግስቱ ከእናቴ ምድጃ ፍም ዝቄ፣ ገል ላይ አድርጌ፣ በአመድ ሸፍኜ በዝናብ ሄድኩ። ያኔ ክብሪት እንደልብ ስላልነበረ ጎረቤት ከጎረቤት እሳት ይጫጫራል፤ ያየኝም ሰው ምንም አላለኝ። ስገባ ጋሽ ቢያድግልኝ ስለ ዮሴፍ እየተረኩ፣ ወንድሞቹ የቀኑበት ላይ ደርሰዋል። እኔ በልቤ ለወንድሞቹ አደላሁ። መሀል ቤት ምድጃው ላይ፣ ሰንበት ሲወጣ ሊነድ የተደረደረ ደረቅ እንጨት ነበር። ፍሙን እዚያ ደፋሁና እፍ አልኩበት። ተያያዘ።

ማንም አልጮኸብኝም። እሳት ማጥፋትም ለእነሱ ሥራ ነው፣ በሰንበት አይቻልም። መሞቅም አይቻልም። ጋሽ ቢያድግልኝ ብድግ ብለው ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ደጅ ወጡ። ክዳኑ ሥር ተደርድረው ቆሙ፣ ዝናቡ እግራቸውን እየመታ። እሳቸውም ዮሴፍን ካቆሙበት ቀጠሉ።

ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ከገበያ ስትመለስ አይታቸው ጮኸች። «ያ ረቢ! ቤት እሳት እየነደደ እናንተ ዝናብ ላይ? ኧረ ግቡ፣ ልጆቹን ብርድ ይገድላቸዋል!»

«እሳቱ እንግዳ ነው፣ አዴ። እሱ ሲጨርስ እንገባለን» አሏት ጋሽ ቢያድግልኝ።

ከዚያ በሩ ላይ ወደቆምኩት ወደ እኔ ዞሩ።

«ብርድ እንዳይመታን ብለሽ ነው አይደል፣ በላይነሽ? የልብሽን ይስጥሽ፣ ልጄ።» እጃቸውን ከራሴ በላይ ዘርግተው መረቁኝ። አልነኩኝም፤ ስንዝር ያህል ይቀራል። ጥሩወርቅ ከንፈሯ በብርድ ጠቁሮ ታየኛለች። ትናንት ካልኳት አንዲት ቃል ብትተነፍስ አበቃልኝ። «ሰንበት ትውጣ» ብቻ አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ያን ቀን እህል አልቀመስኩም። አመሻሹ ላይ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ መጣችና እጄን ይዛ ጎተተችኝ። ልታጋልጠኝ ነው ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። አባቷ ፊት አቆመችኝ።

«አባዬ፣ ቅድም በላይነሽን ሳይነኳት ነው የመረቋት። አሁን ሰንበት ወጣች።»

እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። ከባድና ሞቃት እጅ ነበር። እንዲያነሱት አልፈለግኩም።

ለምን እንዳላጋለጠችኝ ጠይቄያት አላውቅም። እስራኤል ከገባች በኋላ ስንት ጊዜ ተደዋወልን! ነገሩ አፌ ላይ እየደረሰ ይመለሳል። አርብ ከሰዓት ስልኳን ስትዘጋ፣ ልጆቿና የልጅ ልጆቿ ዙሪያዋን ሊሰበሰቡ መሆኑን አውቃለሁ። ያኔም እቀና ነበር። ይህን ዕድሜዬን ይዤ!

ጥሩዬ፣ ፍሙን ያመጣሁት ለብርዱ አልነበረም። ቅዳሜሽን ላበላሽብሽ ነው። ታውቂ ነበር። አውቀሽ አባትሽን አካፈልሽኝ።

ዛሬ ደግሞ እሳቸው ዘንድ ሄድሽ። ጉዴን ስሚ፣ አሁንም ቀናሁብሽ።

ደህና ሁኚ፣ እህቴ። ጋሽ ቢያድግልኝን ሰላም በይልኝ። የእሳቱን ነገር ግን፣ በሞቴ፣ አሁንም አትንገሪብኝ።